በሽቦ የመጣ ቃል

የመንግሥት ሽቦ «የደበሳ ሲራራ በሰላም ገብቷል» አለ። ጨው ነጋዴው አብደታ ደግሞ «የደበሳን ሲራራ ውሃ ወስዶታል» አለ። የሽቦው ቃል ትናንት ከቀትር በኋላ ከጎሬ በስልክ መጣ፤ የአብደታ ቃል ዛሬ ማለዳ ከቡሬ ወገን በእግሩ፣ እስከ ጭኑ በጭቃ ተለውሶ ገባ። የመቱ ሰው ሁለቱንም ሰምቶ የሚጥመውን ያዘ። ሻሽቱ ግን ሁለቱንም አንድ ላይ በጆሮዋ ይዛ፣ ነጠላዋን በራስዋ ላይ አጣፍታ፣ ጎርፍ የቦረቦረውን የገበያ ቁልቁለት እየሮጠች ትወርድ ነበር።

ደበሳ ባልዋ ነው። የባላምባራስ ደርበው ሲራራ አለቃ ሆኖ ቡና አስጭኖ ወደ ጋምቤላ ከወረደ ሰንብቷል። አብረውት የሄዱት አጋሰስ ነጂዎቹና ሚዛን የሚቆጣጠረው የባላምባራስ አንድያ ልጅ ገብረ መድኅን ነበሩ። ዛሬ ደግሞ ሁለተኛው ሲራራ ሊነሳ ከከተማው ዳር ሜዳ ላይ እየጫነ ነው፤ የዚህኛው አለቃ ነመራ ነው፣ የሻሽቱ ታናሽ ወንድም፣ እናታቸው ስትሞት ጡት እንኳ ሳይጥል በእጅዋ የቀረ፣ አዝላ ያሳደገችው። የምትሮጠው እሱ ሳይነሳ ልትደርስበት ነው።

ጊዜው ጣሊያን ከወጣ በኋላ ባሉት ዓመታት ነበር። የኢሉባቦር ቡና በባሮ ወንዝ ተጭኖ ወደ ሱዳን ይሻገራል፤ በጋምቤላ ወደብ ላይ ገና የእንግሊዝ ባንዲራ ይውለበለባል። መርከቡ የሚመጣው ግን ባሮ ሲሞላ ብቻ ነው፤ ባሮም የሚሞላው ደጋው ሲዘንብ ነው። ስለዚህ ነጋዴው መንገዱ በደረቀበት ወራት ቁጭ ብሎ ይሰነብትና፣ መኪና ቡሬን ማለፍ በማይችልበት፣ ገደሉ በሚናድበት ክረምት በቅሎውን እየጎተተ ቆላ ይወርዳል። የሚያበላው ዝናብና የሚበላው ዝናብ አንድ ነው። ይህንን የሲራራ ሚስቶች ሁሉ ያውቁታል፤ ዝናቡ ሲጠፋም ይጨነቃሉ፣ ሲበዛም ይጨነቃሉ።

የሰሞኑ ግን የለመዱት ዝናብ አልነበረም። ከባሮ ቆላ የተነሳ አውሎ ነፋስ ነበር፤ ቆላውን ከትናንት በስቲያ ሲመታው ውሎ፣ በገደሉ አፋፍ ሲያጉረመርም አድሮ፣ ትናንት ወደ ማታ መቱ ደረሰ። የደረሰውም ጫፉ ነው። ጫፉ ብቻውን የገበያውን ዳስ ገልብጦ፣ የአረጀ ዋንዛ ከነሥሩ ነቅሎ፣ የአንዱን ነጋዴ ጣሪያ ቆርቆሮ አንስቶ ሶር ወንዝ ውስጥ ጣለው። የስልኩን ሽቦማ መቱ ሳይደርስ ገና ከመንገድ ነበር የበጠሰው። ሰዎች ሌሊቱን በየቤታቸው ምሰሶ አቅፈው ሲያድሩ፣ ሻሽቱ «ጫፉ እንዲህ ከሆነ መሐሉ ያረፈበት ሰው እንዴት ሆኖ ይሆን?» ስትል አደረች። ሆኖም ነፋሱ ሽቦውን ሳይበጥሰው በፊት ጋምቤላ «ገብተዋል» የሚለው ቃል ደርሶ ነበርና፣ እሱን እንደ ምርኩዝ ተደግፋ ነጋላት። ትናንት ቃሉ ሲነገር በሰፈሩ መጀመሪያ እልል ያለችው እርስዋ ነበረች።

ዛሬ ማለዳ አብደታ መጣና ምርኩዙን ነጠቃት። አብደታ ደግ ሰው ነው፤ ወሬው ግን አይታመንም። አንድ ቀበሮ ካየ የጅብ መንጋ አየሁ ብሎ የሚምል ሰው ነው። «የመንግሥት ሽቦ ይዋሻል ወይስ አብደታ?» ተባለ፤ ተሳቀም። ሻሽቱ አልሳቀችም።

ከስልክ ቤቱ ፊት ለፊት ስትደርስ አንድ ድምፅ ጠራት።

«እትዬ ሻሽቱ! እባክዎ አንድ ጊዜ ይቁሙልኝ።»

ስልከኛው መንበረ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ፣ ገና ጢሙ በወጉ ያልበቀለ ሰው። የአገሬውን ቋንቋ ካልተማርኩ ብሎ ኦሮምኛ ሲያጠና ከተማው ሁሉ ወዶታል፤ ስቆበታልም። አንድ ቀን ዶሮ ሊገዛ ገበያ ወጥቶ «ሉኩ» በማለት ፈንታ «ሉካ ሽጪልኝ» ቢላት፣ ባለዶሮዋ ቀሚስዋን ከፍ አድርጋ እግርዋን አሳየችው፤ የጠየቀው እግር ነበርና። ከዚያ ወዲህ ልጆች ባለፈ ባገደመ ቁጥር እግራቸውን እያነሱ «ጋሼ መንበረ፣ ስንት ይሉታል?» ይሉት ነበር።

«ቸኩያለሁ አቶ መንበረ። ሲራራው ሊነሳብኝ ነው።»

«አንዲት ቃል ብቻ ልጠይቅዎ። ገላና ማለት ምንድን ነው?»

ሻሽቱ ቆመች። «ገላና? ገላናማ ውሃ ነዋ። ከዳር እዳር የሞላ፣ ማዶው የማይታይ ውሃ። ከማን ሰሙት?»

የመንበረ ፊት ገረጣ። በሩን ያዘና፣ «እንጃ። በትክክል ሰምቼው ከሆነ ትናንት ነው የሰማሁት» አለ።

«በስልኩ?»

«በስልኩ። ሽቦው ሲያንኮሻኩሽ ጊዜ የጎሬው ስልከኛ 'ከቡሬ የመጣው መልእክተኛ ራሱ ይንገርህ' ብሎ አቀበለው። ሰውየው አማርኛ አያውቅም። 'ነሞኒ ደበሳ' አለ፤ ይሄ የደበሳ ሰዎች ማለት ነው፣ ገብቶኛል። ቀጥሎ 'ገለን' አለ። ገለን በሰላም ገቡ ማለት አይደለም?»

«ነው።»

«እኔም እሱን ነው ለባላምባራስ ያደረስኩት። ግን እትዬ፣ ሰውየው ቃሉን ሳብ አድርጎታል። ገላ… ብሎ ጎትቶታል። ሽቦው ይሁን የጎተተው እሱ ይሁን ለማወቅ ሌሊቱን ስታገል አደርኩ።»

«ከእሱስ በኋላ? ሌላ ቃል አለ?»

«'ኬ' አለ። ኬ ብሎ ተበጠሰ።»

ሻሽቱ ቃሉን በአፍዋ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ አገላበጠችው። ነሞኒ ደበሳ ገለን። የደበሳ ሰዎች ገቡ። ገቡ ከተባለማ ወሬው አለቀ፤ በሩ ተዘጋ፤ ከኋላው ምን ይከተላል? ነሞኒ ደበሳ ገላና ኬሳ… የደበሳ ሰዎች ከሞላው ውሃ ውስጥ… ይሄኛው ግን ገና ያልተዘጋ በር ነው። ውስጥ ምን ሆኑ? ከውስጡ ወጡ ሊሆን ይችላል። ውስጡ ቀሩ ሊሆን ይችላል። በኦሮምኛ ዋናው ቃል ከመጨረሻ የሚመጣ ነውና፣ ነፋሱ ሽቦውን ሲበጥስ የወሰደው ዋናውን ነው። የባልዋ ሞትና ሕይወት በጎሬና በመቱ መካከል አንድ ጫካ ውስጥ ከተቆረጠው ሽቦ ጋር ወድቆ ቀረ።

«ያሳሳትኩት እኔ ነኝ?» አለ መንበረ።

«የበጠሰውስ ነፋስ ነው» አለችው። «ይልቅ ይምጡና ለእኔ የነገሩኝን ለባላምባራስ ይንገሩልኝ።»

ሥራ ባቆመው ስልክ ላይ በሩን ቆልፎ ተከተላት።

ሜዳው ላይ ጭነቱ ወደ ማለቁ ነበር። ጆንያዎቹ ጣሊያን ጥሎት በሄደ ሸራ ተሸፍነው በበቅሎዎቹ ጀርባ ላይ በጠፍር እየታሰሩ ነው። ዝናቡ ለጊዜው አባርቷል። አብደታ አንድ ሰው የሰጠውን ቡልኮ ተከናንቦ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ነጂዎቹ ዙሪያውን ከበው ያፌዙበታል።

«አብደታ፣ ማለዳ ውሃው እስከ ደረት ነበር ብለህ ነበር። አሁን የዛፍ ጫፍ ደረሰ። እኛ ቆላ እስክንወርድ ጨረቃን ያጥባታል!»

«ሳቁ» አለ አብደታ፣ ቀና ሳይል። «ውሸታም መሆኔን አውቃለሁ። ግን የደበሳን ቦራ በቅሎ ደግሞ አውቃታለሁ። ግንባርዋ ላይ ነጭ አለ። ከገደሉ ሥር፣ ሲራራው ከሚሰፍርበት ሜዳ በታች፣ ግንድ ላይ ተሰክታ አየኋት። ሆድዋ ወደ ሰማይ ነው።»

ሻሽቱ ነጂዎቹን ገፍታ ከፊቱ ደረሰች። «ሰውስ? ሰዎቹን አየሃቸው?»

አብደታ እርስዋ መሆንዋን ሲያውቅ ተነስቶ ቆመ። «ሰው አላየሁም እቴ። ከወዲህ ማዶ ሆኜ ጠራሁ። ደበሳ ብዬ ጠራሁ፤ ሌሎቹንም በስማቸው ጠራሁ። ውሃው ነው የሚመልስልኝ።» ከዚያም እጁን ወደ ምዕራብ ዘረጋ። በጎሬ አቅጣጫ፣ ከተራሮቹ በስተጀርባ ሰማዩ እንደ ጥላሸት ጠቁሮ፣ ቀስ እያለ ይሰፋ ነበር። «ይሄ ደግሞ አላለቀም። የቆላ ነፋስ ሚስቱን አስከትሎ ነው የሚመጣ። ባልየው ዛፍ ጥሎ ያልፋል፤ ሚስቲቱ ውሃውን አዝላ ዝግ ብላ ትደርሳለች። እስዋ ናት የምትከፋው። መንገድ ላይ የሚያገኛትን ሰው እግዜር ይሁነው።»

በዚህ መሐል ባላምባራስ ደርበው አሮጌ የጣሊያን ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን እየተከሉ መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም። ነጂ ሲታመም በራሳቸው በቅሎ ጭነው ጎሬ ያደርሳሉ፤ የሞተ ነጂ ልጅ ቢኖር በቤታቸው ያሳድጋሉ። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ግን ከገብረ መድኅን በቀር ሌላ ዘመድ የላቸውም። አባታቸው ከሸዋ መጥተው እዚህ ቢከትሙም እሳቸው የተወለዱት መቱ ነው፤ ኦሮምኛው የአፍ መፍቻቸው ነው።

መንበረ የሆነውን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ነገራቸው። ባላምባራስ አላቋረጡትም። ሲጨርስ ከዘራቸውን መሬት ላይ አፍተለተሉት።

«ኬ ነው ያለው?»

«ኬ ነው ጌታዬ።»

«ኬኛ ሊል ይሆናላ! የእኛ ሰዎች ሊል። 'ነሞኒ ኬኛ' ሊል ጀምሮ ይሆናላ!»

የከበቧቸውን ሰዎች ፊት ተራ በተራ አዩ።  ከዚያ ወደ ሻሽቱ ዞሩ። «ትናንት 'ገብተዋል' ሲሉኝ ነው እህል የቀመስኩ። ዛሬ አልገቡም ልትይኝ ነው የመጣሽ?»

«አላልኩም ባላምባራስ። አናውቅም ነው የምለው።»

«ካላወቅን መሄድ ነው። ደህና ከሆኑ መርከቡ እኛን አይጠብቅም። ደህና ካልሆኑ ደግሞ ሰው የሚፈልጉት ዛሬ ነው። ልጄ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይሆናል፤ ባልሽም እንደዚያው። እዚህ ሆነን ሰማይ ስናይ እንዋል?»

 ያሉት እውነት ነው። የሻሽቱም እውነት ነው። ደበሳ ተንጠልጥሎ ከሆነ እጅ ሊሰጠው የሚሄድ ሰው ትፈልጋለች፤ ግን ያ ጥቁር ሰማይ በገደሉ ላይ ሲወርድ፣ ሥሩ የሚገኝ ሰው እጅ የሚሰጥ ሳይሆን እጅ የሚለምን ነው።

«ይቺ ደመና እስክታልፍ ብቻ ይቆዩ» አለች። «ከዚያ እኔም አብሬያቸው እወርዳለሁ። በእግሬ እወርዳለሁ።»

«ደመና በኢሉባቦር መቼ አልፎ ያውቃል ልጄ?» አሉ ባላምባራስ። ቁጣ አልነበረበትም። «ነመራ፣ አስነሳ!»

ሻሽቱ ሮጣ የወንድምዋን ክንድ ያዘች። ነመራ አለቃ ሆኖ ሲወርድ ይህ የመጀመሪያው ነው። አዲስ ባርኔጣ ደፍቷል፤ ጅራፉን በትከሻው ጥሏል፤ ዓይኑ ከነጂዎቹ ላይ አይነሳም።

«ነመራ፣ ስማኝ። አብደታ የበቅሎዋን…»

«እትዬ፣ አንቺ ደግሞ! አብደታ በቅሎ አየ፤ እኔ ሰማሁ፤ በቃ። ደበሳ ይሄኔ ጋምቤላ እግሩን ዘርግቶ ስለ እኛ ይስቃል። 'መቱዎች ዝናብ ፈርተው ቀሩ' ሲል ከምሰማ ውሃው ይውሰደኝ።»

«አትበል እንዲህ።»

«ቀልዴን ነው።»

«አትቀልድ። ያሳደግሁህ ለውሃ አይደለም።»

ነጂዎቹ ጆሮ መጣላቸውን ነመራ አየ። የእህቱን እጅ በቀስታ ከክንዱ አላቀቀና፣ ለእነሱ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ሲራራ በወሬ አይቆምም፤ በዝናብ አይቆምም። ይልቅ ማስቆም ከፈለግሽ አንዳችንን ግደይልንና ለቅሶ ይነሳ! ያን ጊዜ ባላምባራስም ቢሆኑ አንድ ጆንያ አያስነሱም።»

ሜዳው በሳቅ ተሞላ። ባላምባራስ እንኳ ከንፈራቸው ላይ ትንሽ ፈገግታ ታየ።

ሻሽቱ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችም። ቃሉን ግን ያዘችው።

ደንቡን በመቱ የማያውቅ የለም። ሲራራው ሜዳውን ሳይለቅ ከጌታው የሲራራ ሰዎች ለአንዱ፣ እዚያ ላለም ሆነ በመንገድ ላለ፣ ለቅሶ ከተነሳ ጭነቱ ይወርዳል፤ እስከ ሣልስት ድረስ አጋሰስ አይጫንም። እንባ ረግጦ የሄደ አይመለስም ይባላል። ይህን ደንብ ያፈረሰ ጌታም ሎሌም ተሰምቶ አያውቅም። ግን ሌላም የሚታወቅ ነገር አለ። ሬሳው ያልታየ፣ መርዶው ያልመጣ ሰው አይለቀስለትም። በቁሙ የተለቀሰለት ሰው ዕድሜ የለውም ይላሉ፤ ካለበት ሆኖ የሚስቱን ዋይታ ነፍሱ ትሰማለች፣ ሰምታም ትሄዳለች። የሚያለቅሱለት ካሉማ መቆየት ለምን?

ደበሳን አሰበች። ከመንገድ ሲመለስ አጥሩን ከፍቶ ዘው አይልም። ከደጅ ቆሞ «ሻሽቱ፣ ሰው አለ?» ብሎ ይጠራል፣ ቤቱ የሌላ ይመስል። «የራስህ ቤት አይደለም ወይ?» ስትለው «እንዳትደነግጪ ነው» ይላታል። አሁን ከአንድ ደግ የቆላ ሰው ጎጆ ውስጥ ልብሱን እያደረቀ ይሆናል። ዛፍ ላይ ሆኖ ውሃው እስኪጎድል እየጠበቀ ይሆናል። መልእክተኛው ሊናገር የነበረው «ከገላናው ወጡ» የሚለውን ይሆናል። ይህ ሁሉ ይሆናል። እንዳይሆን የምታደርገው እርስዋ ትሆናለች።

ከተራሮቹ ወዲያ ነጎድጓዱ ረዘም አድርጎ ተንከባለለ። በቅሎዎቹ ጆሮአቸውን አቆሙ። ፊተኛዋ በቅሎ ጭቃውን እየረገጠች መንቀሳቀስ ጀመረች፤ ነመራ ጅራፉን ከትከሻው አወረደ።

ሻሽቱ ነጠላዋን ከራስዋ ላይ ገፈፈች። ጫፉንና ጫፉን ይዛ ወገብዋ ላይ አዞረችው፤ አጥብቃ ቋጠረችው። ለቅሶ ቤት ሲገባ የሚቋጠረው ዓይነት ነው። በሜዳው ዳር ቆመው ነጂዎቹን ሊሸኙ የመጡት ሴቶች ወሬያቸው በአፋቸው ቀረ። መንበረ ምን እንደሚሆን አላወቀም፤ አብደታ ግን አውቆ ቡልኮውን ከራሱ ላይ አወረደ።

ባላምባራስ ደርበውም አወቁ። በሽማግሌ እግራቸው በጭቃው እየተንሸራተቱ መጥተው ፊትዋ ቆሙ። ከዘራቸው መሬት ወድቆ ነበር፤ አላነሱትም።

«ሻሽቱ፣ ተይ። እለምንሻለሁ ተይ።» ድምፃቸው ከእርስዋ በቀር ለማንም አይሰማም። «አብረው ነው የወረዱት። ደበሳን ካለቀስሽ ልጄን አለቀስሽብኝ ማለት ነው።»

«አውቃለሁ ባላምባራስ።»

«በሕይወት ቢኖሩስ?»

«ቢኖሩ የእርስዎ ልጅ ይቅር ይለኛል። ደበሳ ከመጣም እግሩ ላይ ወድቄ የገደልኩህ እኔ ነኝ እለዋለሁ፤ የፈለገውን ያድርገኝ።» ወደ ወንድምዋ ተመለከተች። ጅራፉን አንስቶ ቆሟል፤ ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ሳይወርድ፣ ግን ሳቅ መሆኑ ቀርቶ ደርቋል። «ይሄን ግን ከላክሁት ማንን ይቅርታ እጠይቃለሁ?»

  ባላምባራስ ቀስ ብለው ከፊትዋ ገለል አሉላት።

ሻሽቱ በሜዳው መካከል፣ ፊተኛዋ በቅሎ በምትሄድበት መንገድ ላይ፣ ጭቃው ውስጥ ቁጭ አለች። በሁለት እጅዋ ደረትዋን ያዘች። ከዚያ ነጂዎቹም ሴቶቹም፣ ከተማውም እንዲሰማ አድርጋ ተናገረች።

«ስሙኝ፣ የመቱ ሰዎች! ባሌ ደበሳ ሞቷል። እኔ ሚስቱ ለቅሶውን ከዚች ሰዓት ጀምሮ ተቀምጫለሁ፤ ጭነቱን አውርዱ!»